ወደ ደብር ስለሚመጣው እንግዳ
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ሕንጻው፣ ስለ ጕልላቱና ስለ ደወሉ ይነገራል፤ ደብሩን የተከሉት አባቶች ስማቸው ይጠራል፤ ድንጋይ የተሸከሙት፣ ሣር ያጨዱት፣ ቆርቆሮ የገዙት ምእመናንም ይመሰገናሉ። ይህም የሚገባ ነው። የዚህ ንግግር ነገር ግን ስሙ በማንም ዘንድ የማይጠራ አንድ ሰው ነው፤ እርሱም እሑድ ማለዳ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ልግባ ወይስ ልመለስ እያለ የሚያመነታው እንግዳ ነው።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በየቀኑ እንግዳ ያመጣል። ለማስተማር የተመደበ መምህር፣ በጤና ጣቢያ የምታገለግል ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ እህል ነጋዴ፣ መኪና ነጂ፣ ትዳር ይዛ የመጣች ሙሽራ፣ ከወለጋና ከሌላም ስፍራ ተፈናቅሎ ዘመድ ፍለጋ የደረሰ ቤተ ሰብ፣ እነዚህ ሁሉ በሁለቱ ከተሞች ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል በተዋሕዶ ተጠምቀው ያደጉ ነገር ግን የዚህን አገር ልማድ የማያውቁ አሉ፤ በልጅነታቸው ተጠምቀው ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልረገጡ አሉ፤ በሌላ እምነት አድገው ነገሩን ለማየት የሚመጡም አሉ። ሁሉም በደጁ አንድ ዓይነት ኾነው ይታያሉ፤ የልባቸው ጥያቄ ግን ልዩ ልዩ ነው።

የምሥራቅ ጎጃም ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለ እንግዳ ብዙ የሚናገረው አለው። መርጡለ ማርያምን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት እቴጌ እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ ነበሩ፤ በእስላም ቤት ተወልደው ወደ ክርስትና የገቡ ናቸው። የሞጣን ጊዮርጊስ በ18ኛው መቶ ዓመት ያቆሙት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ናቸውና የመጡት ከጎንደር ቤተ መንግሥት ነው። እንግዲህ ዛሬ ነባሩ ሰው አያቴ የተከለው ደብር ብሎ የሚመካበት ስፍራ መጀመሪያ በሩቅ ሰው እጅ የቆመ መኾኑን ማስታወስ ይገባዋል። እቴጌ እሌኒ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ደብር ደጅ ቆመው ሳለ፣ ይህች ሴት የት ነው የምትቆመው ብሎ የገሠጻቸው ሰው ኖሮ እንደ ኾነ ታሪክ አልጻፈውም።

እንግዳው በመጀመሪያ የሚያየው ነገር ብዙ ሰው ከቅጥሩ ውጭ መቆሙን ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ምሥራቅ ዞረው፣ ግንቡን ወይም የበሩን መቃን ተሳልመው፣ አንዳንዶቹ በግንባራቸው ተደፍተው ይጸልያሉ። እንግዳው እነዚህ ሰዎች ዘግይተው የመጡ ወይም በሩ የተዘጋባቸው ይመስሉታል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ በሌሊቱ ከሚስቱ ጋር አድሮ ይኾናል፤ አንዲቱ የወር ልማድዋ ደርሶባት ይኾናል፤ ሌላዪቱ ወንድ ወልዳ 40 ቀን፣ ሴት ወልዳ 80 ቀን አልሞላትም ይኾናል፤ ሌላውም ያለ ምክንያት ራሱን ለመቅደሱ የማይገባ አድርጎ ስለሚቈጥር ከሩቅ መቆሙን መርጦ ይኾናል። ይህ ከውጭ መቆም ከጸሎት መራቅ ሳይኾን ራሱ የጸሎት ዐይነት ነው። ይህንን የሚያውቅ ሰው በሩ ላይ ያለውን ሕዝብ አይቶ አይደነግጥም፤ የማያውቅ ግን ከእነርሱ ጋር ቆሞ ይቀራል፤ ዓመትም ቢቀመጥ ወደ ውስጥ አይገባም። በሁለቱ ከተሞች እንደዚህ ከደጅ ቆመው የቀሩ ሰዎች ቍጥራቸው ጥቂት አይመስልም። ገብተህ አስቀድስ ያላቸው ስለሌለ ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ የገባው እንግዳ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ የኾነ እንደ ኾነ ሦስት ክፍል አለው። ከውጭ ያለው ቅኔ ማሕሌት ሲኾን መሪጌቶችና ደብተሮች ከበሮና ጸናጽል ይዘው የሚዘምሩበት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ በዚያም ቆራቢዎች ይቆማሉ፤ በመካከል ያለው መቅደስ ደግሞ ታቦቱ የሚያድርበት ስለ ኾነ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባበትም፤ መጋረጃም ተጋርዶበታል። ወንዶች በሰሜን በኩል፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ይቆማሉ። ጫማ በደጅ ይወልቃል፤ ነጠላ በመስቀልኛ ይጣፋል፤ ሴት ራስዋን ትሸፍናለች። ይህ ሁሉ ሥርዐት ለሚያውቀው እንደ መተንፈስ የቀለለ ነው። ለማያውቀው ግን እያንዳንዱ እርምጃ ፍርሃት ነው፤ ጫማውን የት እንደሚያኖር፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማንን አይቶ እንደሚሰግድ አያውቅም። አንዲት ሴት በስሕተት በወንዶቹ በር ብትገባ፣ ከአረጋውያኑ አንዱ በዱላው ጫፍ እያመለከተ ቢመልሳት፣ ሥርዐቱ ትክክል ነው፤ አመላለሱ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ሥርዐቱን የምታውቅ አንዲት እናት አጠገብዋ ደርሳ፣ እታለም፣ በዚህ በኩል ነው፣ ነይ አብረን እንቁም ብትላት ያው ሥርዐት ይጠበቃል፤ ሴትዮዪቱም በሚመጣው እሑድ ትመለሳለች።

ስለ ጊዜው ደግሞ እንግዳው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በበዓልና በሰንበት ማሕሌቱ በሌሊት ይዠመራል፤ ከዚያ ኪዳን ይደርሳል፤ ቅዳሴውም ከዚያ ይቀጥላል። በጾም ቀን ግን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚፈጸም፣ በማለዳ የመጣ እንግዳ ባዶ ቅጥር አግኝቶ ተመልሶ ይኼዳል፤ ዛሬ ጸሎት የለም ብሎም ያስባል። ቅዳሴው ከዠመረ በኋላ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ የበለጠ ይወስዳል፤ ሕዝቡም የሚያዳምጠው በመቆም ነው። እግሩ ያልለመደ ሰው ይደክማል። ደካማ የኾነ በመቋሚያ መደገፍ፣ ሕመምተኛ የኾነም መቀመጥ እንደሚፈቀድለት የሚያውቀው ነባሩ ብቻ ነው። በአንዳንድ ደብር ከግድግዳው ሥር የቆሙ ብዙ መቋሚያዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱን አንሥቶ ለእንግዳ መስጠት ድካም የለውም፤ ይኹን እንጂ ሲደረግ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

ቅዳሴውን የሚያገለግሉት ቢያንስ 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት ናቸው። ቋንቋው ግእዝ ነው፤ በከፊልም በአማርኛ ይደርሳል። እንግዳው ቃሉን ባያውቅ እንኳ ፍሬ ነገሩን የሚከተልበት መንገድ አለ፤ ዲያቆኑ ሕዝቡን ያዛል፤ የተቀመጠ እንዲነሣ፣ ሁሉም ወደ ምሥራቅ እንዲመለከት፣ እንዲሰግድም ይናገራል፤ ሕዝቡም በዜማ ይመልሳል። ከዚያ መልእክተ ጳውሎስ፣ የሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራ በየተራው ይነበባሉ፤ በመጨረሻም ምስባክ ተሰብኮ ወንጌል ይነበባል። ቀጥሎም ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ እንደ በዓሉ ተመርጦ ይቀደሳል። ይህንን ያህል እንኳ አስቀድሞ የሰማ ሰው ሁለት ሰዓት በጨለማ እንደቆመ አይቈጥረውም። የቅዳሴውን መጽሐፍ ግእዙንና አማርኛውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የታተመውን ከሰንበት ተማሪዎች አንዱ ይዞ አጠገቡ ቢቆምና በጣቱ ቢያሳየው ደግሞ ፍጹም ይኾናል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር እንግዳውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ነው፤ ይኸውም ሥጋ ወደሙ በሚቀርብበት ጊዜ ከቆመው ብዙ ሕዝብ መካከል ሕፃናትና ሽማግሎች፣ በቍርባን የተጋቡ ባልና ሚስትም ብቻ ሲቀርቡ፣ ጐልማሳው ሁሉ ባለበት ቆሞ መቅረቱ ነው። የሚቈርብ ሰው 18 ሰዓት መጾም፣ ለነፍስ አባቱ መናዘዝ፣ ትዳሩም በቤተ ክርስቲያን የተባረከ መኾን አለበትና፣ ብዙው ሰው ይህንን አልፈጸምሁም ብሎ ይቀራል። ለቍርባን የተሰጠው ክብር ታላቅ ነው፤ ፍርሃቱም ደግ ፍርሃት ነው። ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ እያስቀደሰ አንድ ቀን እንኳ ሳይቈርብ የሚሞት ምእመን መብዛቱ ለእንግዳው ብቻ ሳይኾን ለነባሩም ሊያሳስብ የሚገባ ነገር ነው። እንግዳው ለምን አይቀርቡም ብሎ በጠየቀ ጊዜ ልማድ ነው የሚል መልስ ብቻ ከተሰጠው መልሱ ስሕተት ነው። ልማድ ሳይኾን ዝግጅት ነውና፣ ዝግጅቱም እንዴት እንደሚዠመር ሊነገረው ይገባል።

ቅዳሴው ተፈጽሞ ካህኑ ሕዝቡን በመስቀል ባርኮ ካሰናበተ በኋላ ስብከት የሚሰጥበት ደብር አለ፤ ጠበል ይጠጣል፤ ከዚያም ሰንበቴ ይከተላል። ሰንበቴ በጎጃም የታወቀ ነው፤ ማኅበርተኞቹ በየተራቸው ድፎ ዳቦና ጠላ ይዘው ይመጣሉ፤ ካህኑ ይባርካል፤ በሰንበቴ ቤት ይበላል ይጠጣል። የዚህ ማኅበር የመጀመሪያ ዐሳቡ ደኃውና መንገደኛው በሰንበት ቀን ጦሙን እንዳያድር ነበር። ዛሬ በብዙ ስፍራ ደኃው በደጅ ይሰጠዋል፤ ማኅበርተኛው በውስጥ ይቀመጣል፤ ደኃ ያልኾነው ማኅበርተኛም ያልኾነው እንግዳ ግን በሁለቱ መካከል ስፍራ ያጣል። ምጽዋት እንዳይቀበል ደመወዝተኛ ነው፤ እንዳይቀመጥ የጠራው የለም። ስለዚህ ቀስ ብሎ ጫማውን አሥሮ ይወጣል። በቅዳሴ ሦስት ሰዓት ከሕዝቡ ጋር ቆሞ፣ በዳቦው ሰዓት ብቻውን ወደ ኪራይ ቤቱ ይመለሳል።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በበዓል ቀን በመንገዱ ዳርና ዳር ጃንጥላ ተዘርግቶ ለሕንጻ ሥራ ይለመናል፤ በግቢው ውስጥ ሙዳየ ምጽዋት አለ፤ ሻማና ዕጣን ይሸጣል፤ የሰበካ ጉባኤውም የዓመት መዋጮ አለ። ነባሩ ሰው የትኛው በፈቃድ፣ የትኛው በአባልነት የሚከፈል እንደ ኾነ ያውቃል። እንግዳው ግን አያውቅምና ደጁን ለመርገጥ የሚከፈል መስሎት በኪሱ ያለውን እየቈጠረ ይገባል፤ ባዶ ኪስ የኾነ ቀን ከነጭራሹ ይቀራል። በቅዳሴ ለመቆም ማንም ማንንም አንድ ሳንቲም እንደማይጠይቅ በደጀ ሰላሙ ጽፎ መስቀል ለሰበካ ጉባኤው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ሌሎች የሚያደርጉትን ማየት ነውር የለበትም። በምዕራብ ወለጋ በደምቢ ዶሎ ከተማ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥራ የተዠመረው በ1919 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ የኅዳር በሽታ ባለፈ ማግስት ሲኾን፣ የመጣውም ሰው ቶማስ ላምቢ የሚባል ሐኪም ነበር። ከዚያ የተነሣው ምእመን በ1947 ራሱን የቻለ የቤተል ቤተ ክርስቲያን ኾነ፤ በ1974 ደግሞ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደ። በልጅነቱ በፈንጣጣ ዐይኑ የጠፋው ጊዳዳ ሶለን ከዚሁ ማኅበር ታላላቅ ሰባክያን አንዱ ነበር፤ ዐይነ ስውሩን ልጅ ተቀብለው ያስተማሩት ሰዎች ማንን እንደ ተቀበሉ አላወቁም ነበር። ፕሬስቢተር የሚለው የጽርእ ቃል ሽማግሌ ማለት ነው፤ ቀሲስ የሚለውም ከሶርያ ቋንቋ የመጣ ሲኾን ፍቺው ያው ሽማግሌ ነው። ስሙ እንዲህ አንድ ሲኾን ሥርዐቱ ግን እጅግ የተለያየ ነው።

ወደ እንደዚያ ያለ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ እንግዳ ጫማውን አያወልቅም፤ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣል፤ ወንድና ሴት ሳይለይ ከቤተ ሰቡ ጋር ይኾናል። መቅደስና መጋረጃ፣ ታቦትና ዕጣን የለም። መዝሙሩ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ነው፤ የጉባኤውም ዋና ነገር ስብከቱ ነው፤ የጌታ እራት የሚሉትም በተወሰነ ቀን ይደረጋል። አስተዳደሩ ምእመናን በመረጧቸው ሽማግሎችና በመጋቢው እጅ ነው። በደጁ የሚቀበል ሰው ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም በጉባኤው መካከል እንግዶች እንዲነሡና ስማቸውን እንዲናገሩ ይጠየቃሉ፤ ሕዝቡም ደስታውን ይገልጽላቸዋል። አንድ የቢቸና ሰው ለሥራ ወደ ወለጋ ሄዶ በዚያ ቢገኝ፣ ባንድ ሰዓት ውስጥ ስሙን ሃያ ሰው ያውቀዋል። ይኸው ሰው በአገሩ ደብር ሃያ ዓመት አስቀድሶ ስሙን የማያውቅ ካህን ሊኖር ይችላል።

ይህ ሲባል የተዋሕዶ ልጅ የሌላውን ሥርዐት ይውሰድ ማለት አይደለም። ይልቁንም በዚያ የማይገኝ አንድ ነገር በዚህ ቅጥር አለ። ሐዘን የደረሰበት፣ ኃጢአቱ የከበደው፣ ሰው ፊት መናገር ያልቻለ ሰው በቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሥር ማንም ሳይጠይቀው ቆሞ ሊያለቅስ ይችላል፤ ማንም ስምህን ተናገር አይለውም፤ ማንም ተነሥ አይለውም። ይህ ዝምታ ራሱ መስተንግዶ ነው፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ስለዚህ እንግዳን መቀበል ማለት በጥያቄ መክበብ አይደለም። ጨዋ ሰው አልቃሹንና መንገድ የጠፋበትን በዐይኑ ይለያል፤ የመጀመሪያውን ይተወዋል፤ ሁለተኛውን ይጠጋዋል። ይህንን መለየት ደግሞ ለጎጃም ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም።

በጎጃም ገጠር መንገደኛ ሲመሽበት በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፣ ቤቶች፣ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ ይላል። ባለቤቱ ማን እንደ ኾነ ሳይጠይቅ ያስገባዋል፤ ውሃ ሞቆ እግሩ ይታጠባል፤ ከጎተራ ጥቂት ቢኖርም እንጀራ ይቀርብለታል፤ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚኼድ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ይህ ልማድ የተማሩትም ያልተማሩትም የሚያከብሩት ነው፤ አብርሃም በድንኳኑ ደጅ ካደረገው የተለየ አይደለም። እንግዲህ በሌሊት የግል ቤቱን ለማያውቀው ሰው የሚከፍት ገበሬ፣ በእሑድ ቀን የሁሉ ቤት በኾነው ቅጥር ውስጥ አጠገቡ የቆመውን እንግዳ ደኅና አደርህ ሳይለው የሚኼድበት ምክንያት ምንድር ነው? ምናልባት ቤቱ የእኔ አይደለም፣ የካህናት ነው ብሎ ስለሚያስብ ይኾናል። ካህኑም ደግሞ ሕዝቡ ይቀበለዋል ብሎ ያስባል። በሁለቱ መካከል እንግዳው ያልፋል።

ካህናቱ ግን እንግዳ መቀበልን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ ራሳቸው እንግዳ ኾነው ተምረዋልና። ለቢቸና ቅርብ የኾነው ዲማ ጊዮርጊስ፣ እንደዚሁም ደብረ ወርቅ፣ ከየአገሩ የመጣ የቆሎ ተማሪ የተሰበሰበባቸው ስፍራዎች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ዲማ ነው፤ ከዚያም በኋላ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ፍቅር እስከ መቃብር በሚለው መጽሐፋቸው ዲማን በአገሩ ሁሉ አሳወቁት። ወደ እንደዚህ ያለ ጕባኤ ቤት ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንጠልጥሎ የመጣው ልጅ ማንንም አያውቅም ነበር። የኔታ ግን ስሙን፣ አገሩን፣ እስከ ምን እንደ ተማረ ይጠይቁታል፤ ከነባሮቹ ተማሪዎችም አንዱን ይሰጡታል፤ ያም ነባር ተማሪ ጎጆ የሚሠራበትን ስፍራ፣ ውሃው የት እንደ ኾነ፣ በየትኛው መንደር ክፉ ውሻ እንዳለ፣ የትኛዪቱ እናት በእንተ ስማ ለማርያም ሲባል እንደማትነፍግ ያሳየዋል። በዚህ ዐይነት የመጣው ልጅ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ ለሌላው መሪ ይኾናል። ለተማሪ የተደረገው ይህ ሥርዐት ለነርሷና ለመምህሩ፣ ለተፈናቃዩም የማይደረግበት ምክንያት የለም፤ የሚያስፈልገው አንድ ነባር ሰው ለአንድ አዲስ ሰው መስጠት ነው።

ከእንግዶች መካከል ደግሞ ሌላ እምነት ያለው ጎረቤት አለ። በቢቸናም በሞጣም እስላሙ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ቀብር ይመጣል፤ ሬሳውን አብሮ ይሸኛል፤ በደጁ ወይም በግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ ፍትሐቱ እስኪፈጸም ይጠብቃል፤ በለቅሶ ቤትም ይቀመጣል። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የእስላሞች ሱቆች በተቃጠሉ ጊዜ ይህ የቈየ መከባበር ክፉ ቍስል ደርሶበታል፤ ስለዚያ ቀን ዝም ማለት ቍስሉን አያድነውም። ከዚያ በኋላ ለቀብር ወደ ቅጥሩ ደጅ የሚመጣ እስላም ጎረቤት እግሩን ያነሣው ከቀድሞው ይልቅ በብዙ ድፍረት ነው። ለእርሱ ጥላ ያለበትን ስፍራ ማሳየት፣ መቀመጫ ማቅረብ፣ ሽማግሎቹም ቀርበው እጅ መንሣታቸው ከተራ ትሕትና የሚበልጥ ሥራ ነው።

ቀብር ከተነሣ ዘንድ ይህ ንግግር ወደ ዋና ነገሩ ይደርሳል። ካገሩ የወጣ ሰው አንደ አህያም እንደ ፈረስም ተቈጥሮ እንደሚኖር አባቶች የተረቱት ስለ ሕያው ሰው ነው፤ የሞተው እንግዳ ነገር ግን ከዚህ የባሰ ነው። በአንዱ ከተማ ሦስት ዓመት የኖረ ሠራተኛ ድንገት ቢሞት፣ ዕድርተኛ አይደለም፤ የሰበካ ጉባኤው አባል አይደለም፤ የነፍስ አባት የለውም። ባልንጀሮቹ ወደ ደብሩ ሄደው ይቀበርልን ሲሉ ካህኑ ክርስቲያን ስለ መኾኑ ማን ይመሰክራል ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ግዴታው ነው። ቀጥሎ የክርስትና ስሙ ማን ነው ይላል፤ በፍትሐት የሚጠራው በዚያ ስም ነውና። በመሥሪያ ቤት የሚጠራበትን ስሙን ሁሉም ያውቃሉ፤ ሲጠመቅ የተሰጠውን ግን አንድም ሰው አያውቅም። እናቱ ሩቅ አገር ናት፤ ስልክ እስኪደወል፣ እስክትገኝ፣ ልጅዋ መሞቱንም ሳይነግሩ ስሙን ለመጠየቅ ብልሃት እስኪፈለግ ድረስ ሬሳው ይጠብቃል። ይህ ሰው በየእሑዱ ከዛፉ ሥር ቆሞ ሲያስቀድስ የነበረ ሰው ሊኾን ይችላል።

ቃለ ዐዋዲ በ1965 ዓ.ም. ሰበካ ጉባኤን ሲያቋቁም እያንዳንዱ ምእመን በአጥቢያው ተመዝግቦ እንዲታወቅ ነው። ነገር ግን በብዙ ደብር መዝገቡ የሚከፈተው መዋጮ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው፤ እንግዳውም መዝገቡ የገንዘብ መዝገብ መስሎት ይሸሸዋል። ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት ደጅ አንድ ዲያቆን መዝገቡን ይዞ ቢቀመጥ፣ የመጣውን ሰው የክርስትና ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ ስለ እርሱ የሚጠየቀውን ዘመዱን ብቻ ቢጽፍ፣ ስለ ገንዘብም በዚያ ቀን ምንም ባያነሣ፣ ከዚያም ሰውየውን ወደ አንዱ የነፍስ አባት ቢመራው፣ የሚፈጀው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። የነፍስ አባት የያዘ ሰው ሲታመም የሚጠይቀው አለው፤ ጋብቻ ሲያስብ የሚመክረው አለው፤ ወደ ቍርባንም የሚያደርሰው እርሱ ነው።

እናቶችም በዚህ ሥራ ከዲያቆኑ የሚበልጥ ድርሻ አላቸው፤ ሴት እንግዳ ለዲያቆን የማትናገረውን ለእነርሱ ትናገራለችና። በደቡቡ በር አጠገብ ሁልጊዜ የሚቆሙ ሁለት ወይም ሦስት እናቶች በየደብሩ አሉ፤ አዲስ ፊት ወዲያው ይለያሉ። በሚመጣው እሑድ ከእነርሱ አንዲቱ ለማታውቃት ሴት ስፍራ ብትለቅላት፣ ቅዳሴው ሲያልቅም እጅዋን ይዛ ወደ ሰንበቴው ብታስገባት፣ ዳቦውም የሚቈረሰው ለማኅበርተኛ ብቻ እንዳልኾነ ሙሴው ለማኅበሩ ቢነግር፣ መዝገቡ በዚያው ቀን ሊዠመር ይችላል።